የማይመለስ ነገር ሳናደርግ፦ አሮጌ የጓሮ ትራክተርን ስለ ማደስና ስለ ማሻሻል
በጅማ ከተማ ለጋራዥ ባለሙያዎች፣ ለቴክኒክና ሙያ ሰልጣኞችና ለአርሶ አደሮች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ሰልጣኞች፣ እንዲሁም ከዙሪያው ወረዳዎች ጊዜያችሁን ሰውታችሁ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፤

ወደ አዳራሹ ስትገቡ ከበሩ ጎን በዛፉ ጥላ ሥር የቆመችውን ቢጫና ነጭ ትንሽ ትራክተር አይታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ጎንበስ ብላችሁ ከሥር ስትመለከቷት፣ ሌሎቻችሁም ኮፈኗን ከፍታችሁ ስለ ሞተሩ ስትከራከሩ ከሩቅ ሆኜ አይቻችኋለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ እርሷና ስለ መሰሎቿ፣ እንዲህ ያለች ማሽን በእጁ የገባችለት ሰው ሊያደርገው ስለሚገባው፣ ይልቁንም ሊያደርገው ስለማይገባው ነገር ነው። የምለው በአጭሩ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የሠራት ሰው ወዳሰበው ሁኔታ መልሷት፤ አሠርታችሁም እወቋት፤ ማሻሻል የምትፈልጉትን ከዚያ በኋላ አሻሽሉ፤ ስታሻሽሉም በቡሎን የሚታሰርና በቡሎን የሚፈታ ሥራ ሥሩ እንጂ በመቁረጫና በብየዳ ወደ ነበረበት የማይመለስ ለውጥ አታድርጉባት። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ስላነበብኩት ብቻ አይደለም፤ ከዚህ በተቃራኒ ሠርቼ አንድ ሞተር ስላጠፋሁ ነው፤ ታሪኩን በቦታው እነግራችኋለሁ።

የጓሮ ትራክተር የምንለው ከሣር ማጨጃ የሚበልጥ፣ ከእርሻ ትራክተር የሚያንስ ማሽን ነው። በአብዛኛው ከ7 እስከ 16 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ይኖረዋል፤ ትንሽ ማረሻ፣ መከስከሻ፣ ማጨጃና ጋሪ ይጎትታል። ሐሳቡ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ቤንጃሚን ግሬቭሊ የተባለ አሜሪካዊ በእግር እየተከተሉ የሚነዱትን የሞተር ማረሻ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1916 ነበር። ሰው ተቀምጦ የሚነዳው ዓይነት የተስፋፋው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አሜሪካውያን ሰፋ ያለ ግቢ ወዳላቸው የከተማ ዳርቻ ቤቶች በብዛት ሲገቡ ነው። በዚያን ጊዜ ዊል ሆርስ የተባለው ድርጅት በኢንዲያና ግዛት ሥራ ጀመረ፤ ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ኩብ ካዴት የተባለችውን ትንሽ ትራክተር ለ1961 ሞዴል አቀረበ፤ ጆን ዲር ደግሞ 110 የተባለውን ሞዴል በ1963 ገበያ ላይ አዋለ።

ደጅ ያለችው ኩብ ካዴት ናት፤ ሞዴሏ 122 ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ የተሠራች ናት። በዚያው ፋብሪካ ፋርሞል ኩብ የሚባል እውነተኛ የእርሻ ትራክተር ከ1947 ጀምሮ ይሠራ ነበር። መሐንዲሶቹ ትንሿን ማሽን ሲነድፉ ለኋላ አካሏ የታላቅ ወንድሟን የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና የዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍል ክፍል) አሠራር ተዋሱ። ስለዚህ መቀመጫዋ ሥር ያለው ከቀላል ላሜራ የተበየደ ሳጥን ሳይሆን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ወፍራም ብረት ነው፤ ኃይሉም ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚሄደው በቺንጋ ሳይሆን በቀጥታ በዘንግ ነው። ስድሳ ዓመት ገደማ ከቆየች በኋላ እንኳ ጥርሶቿን ከፍተን ስናይ የፊታቸው ጥራት ያልጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌ የጓሮ ትራክተር ልግዛ ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ስለ ቀለሙና ስለ ወንበሩ አትጨነቅ፣ የኋላውን አካል እየው የምለውም ለዚህ ነው። ሞተር ይታደሳል፤ ላሜራ ይቀጠቀጣል፤ የተሰነጠቀ የካምቢዮ ቤት ግን እዚህ አገር በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

ትራክተሯን ያገኘኋት ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ጎኗ በቆርቆሮ ተሸፍኖ ሌላው ጎኗ ዝናብ እየመታው ቆማ ነው። በጅማ ዝናብ ብዙ ወራት ይዘንባል፤ ለቡናው በረከት የሆነው ውኃ ለቆመ ብረት ጠላት ነው። የጭስ መውጫዋ ወደ ሰማይ ተከፍቶ ስለቆየ ውኃው በማርሚታው ወርዶ በተከፈተው ቫልቮላ በኩል ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቷል። ፒስቶኑ ተጣብቆ ነበር። ባለቤቷ በቅንነት «በመኪና እንጎትታትና ትነሳ ይሆናል» አሉኝ። እንዲህ ያለውን ሐሳብ ስንቶቻችን ተቀብለን ስንቱን ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) እና ቢየላ (ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ከሚዞረው የሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዝ ክንድ) እንደሰበርን እናውቃለን። የተጣበቀን ሞተር በጉልበት ማዞር የመጀመሪያው የማይመለስ ስሕተት ነው። ካንዴላውን ነቅለን ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅለን በቀዳዳው ሞላንበት፤ ዘጠኝ ቀን ጠበቅን፤ በየጠዋቱ ቮላኖውን፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት፣ በእጅ ብቻ ወዲያና ወዲህ እየነቀነቅን ሞከርን። በዘጠነኛው ቀን የጣት ውፍረት ያህል ሄደ፤ በማግስቱ ሙሉ ዙር ዞረ።

ከዚያ በኋላ ነበር ከእኛ በፊት የነበሩ እጆችን ሥራ ማየት የጀመርነው። ይህች ማሽን የአሜሪካ ስለሆነች ቡሎኖቿ ሁሉ በኢንች ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ውፍረታቸው አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ነው፤ ይህም 7.94 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ገበያችን ላይ ያለው ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን ሲታይ አንድ ነው የሚያሰኝ ቢሆንም የጥርሶቹ ርቀት ግን ይለያያል፤ የአሜሪካው በአንድ ኢንች ውስጥ 18 ጥርስ ስላለው ከጥርስ ጥርስ 1.41 ሚሊሜትር ሲሆን የእኛው 1.25 ነው። ሁለት ዙር ያህል በጣት ይገባል፤ ከዚያ ይጠብቃል፤ ጠጋኙ «ዝጎ ነው» ብሎ በረጅም ቁልፍ ሲገፋው ይገባል፤ ሲገባ ግን የቀዳዳውን ጥርስ እየፋቀ ነው። ከእነዚህ ቀዳዳዎች ሦስቱ እንደዚህ ተበልተው አገኘናቸው። ይህን የሠራው ባለሙያ ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ ቸኩሎ ነበር፣ ትክክለኛውም ቡሎን በእጁ አልነበረም። ነገር ግን ያቺ የአንድ ደቂቃ ችኮላ ለእኛ የአራት ቀን ሥራ ሆናለች። የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያችን ከውጭ ወፍራም ጥርስ፣ ከውስጥ ትክክለኛውን የኢንች ጥርስ ያላቸው ሦስት የብረት ቡሾች ሠርተውልን ቀዳዳዎቹን አስፍተን ቀበርናቸው። ከዚያ ወዲህ ከጋራዡ ግድግዳ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ሰቅለን አንድ የኢንች ቡሎንና አንድ የሚሊሜትር ቡሎን ጎን ለጎን አስረንበታል፤ አዲስ ልጅ ሲመጣ ሁለቱን በጣቱ ዳስሶ እንዲለይ እናደርጋለን።

አሁን ቃል ወደ ገባሁት ታሪክ ልምጣ፤ የንግግሬ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ከዚህችኛዋ በፊት 8 የፈረስ ጉልበት ያላት ሌላ ትንሽ ትራክተር ነበረችኝ። ሞተሯን በሚገባ አጽድቼ፣ የካንዴላውን ብልጭታ ጊዜ የሚወስነውን ፑንቲና አስተካክዬ አስነሣኋት፤ ጥሩ ድምፅ ነበራት። ማረሻ አስሬ ቀዩ አፈር ውስጥ ሳስገባት ግን ትንፋሽ አጠራት። አቅሟ 8 ነው የተባለላት ሞተር የስድስት ያህል እንኳ አልመስልህ አለኝ። ምክንያቱን ሳልመረምር መድኃኒቱን ፈለግሁ፤ የጋቨርነሩን፣ ማለትም ሞተሩ ከተወሰነለት ዙር እንዳያልፍ የሚይዘውን መቆጣጠሪያ፣ ስፕሪንግ አጥብቄ ሳብኩት። ሞተሩ በደቂቃ ከ3,600 ዙር እንዳያልፍ የተሠራ ነው። እኔ በስንት እንዳዞርኩት አልለካሁም፤ መለኪያም አልነበረኝም፤ በጆሮዬ ደስ የሚል ኃይለኛ ድምፅ መሆኑን ብቻ ነበር ያወቅሁት። ለሁለት ሳምንት ያህል በጣም ደስ ብሎኝ አረስኩባት። በሦስተኛው ሳምንት ተዳፋት ላይ ወደ ጎን ዘንበል ብላ እየሄደች ሳለ ከሆዷ አንድ ከባድ ምት ተሰማ፤ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ቤት ከጎን በስቶ ወጣ። ቀዳዳው ጡጫዬን ያሳልፍ ነበር።

ምን እንደተፈጠረ በደንብ የገባኝ ከተበተነች በኋላ ነው፤ ሦስት ነገሮች ተደርበው ነበር። የመጀመሪያው የጅማ ከፍታ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እንዲህ ያለ፣ አየር ጨምቆ የሚያስገባ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳበት በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። ሲደመር ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ማለትም ባለ 8 የተባለው እዚህ ከ6 ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ ባለ 12 የተባለውም 9 ተኩል ገደማ ነው። ሞተሩ አልታመመም ነበር፤ ከፍ ያለ አገር ላይ ነበር። በዚያ ላይ ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ስለነበር እዚህ ለሳሳው አየር ቤንዚኑ በዝቶበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ መውጣቱ ይህንኑ ይናገር ነበር፤ እኔ ግን አላዳመጥኩትም።

ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። ፒስቶኑ በእያንዳንዱ ዙር ወደ ላይ ሄዶ ይቆማል፣ ወደ ታች ተመልሶ ይቆማል፤ በዚህ መቆምና መነሣት ቢየላው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከዙሩ ጋር እኩል አያድግም፤ በዙሩ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ3,600 ወደ 4,200 ስትወጡ ዙሩ የጨመረው በ17 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ቢየላውን የሚስበው ኃይል ግን በ36 በመቶ አድጓል። የነዚህ ሞተሮች ቢየላ የተሠራው ከአሉሚኒየም ነው፤ ክራንክ ሻፍቱንም ያለ ተጨማሪ ብሮንዝ ራሱ ነው የሚያቅፈው። ለተወሰነለት ሥራ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ግን አልተፈጠረም።

ሦስተኛው ተዳፋቱ ነው። እነዚህ ሞተሮች የዘይት ፖምፓ የላቸውም። ከቢየላው ሥር እንደ ትንሽ ማንኪያ የወጣች ጫፍ በየዙሩ ዘይቱን እየቀዳች ትረጫለች፤ ሞተሩ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ሁሉ ይህ ብቻ ነው። ማሽኗ ወደ ጎን ስታዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል፤ ማንኪያዋም አየር ትቀዳለች። የዘይቱ መጠን ከሁለት ሊትር ስለማይበልጥ ሩብ ሊትር ብቻ ጎድሎ ቢሆን እንኳ ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። በጅማ ዙሪያ ሜዳ ከሚባለው መሬት ይልቅ ተዳፋቱ ይበልጣልና ይህንን ነገር ከሁሉም አስቀድማችሁ ልብ እንድትሉት እለምናችኋለሁ።

ስለዚህ ይህችኛዋን ስናድስ ምንም ከመቀየራችን በፊት መለካት ጀመርን። ሞተሯ ኮህለር ኬ 301 የተባለው ነው፤ ሲሊንደሩ በመጀመሪያ ሲሠራ ስፋቱ 85.7 ሚሊሜትር ነበር። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በርዝመትም በወርድም ለካነው፤ ፒስቶኑ ተጣብቆበት የነበረው ቦታ ላይ ዝገት ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር። ለዚህ ሞተር በሩብ፣ በግማሽና በሦስት ሩብ ሚሊሜትር የሚበልጡ ፒስቶኖች በፋብሪካ ተሠርተውለታል፤ ጉድጓዱ በግማሽ ሚሊሜትር እንደሚጠፋ ካረጋገጥን በኋላ ሲሊንደሩን አሰፋነው። የክራንክ ሻፍቱ አንገት በመጀመሪያ 38.1 ሚሊሜትር ነበር፤ ወደ ሞላላነት ስላደላ በሩብ ሚሊሜትር ተሞረደ፤ ለዚሁ በልኩ ያነሰ ቢየላም አለ። ፒስቶኑና ቢየላው ከአገር ውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ እስኪደርሱ አራት ወር ጠበቅን። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ለምን የሌላ መኪና ፒስቶን አሳጥረህ አትገጥምም?» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። የፒስቶን ክብደት ሲቀየር የሞተሩ ሚዛን አብሮ ይቀየራል፤ ፒኑ ያለበት ከፍታ ሲቀየር ደግሞ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ይነካል ወይም እመቃውን ያሳጣል። አራት ወር ረጅም ቢመስልም ማሽኗ ቆማ ከኖረችው ጊዜ አንጻር ምንም አይደለም።

የዚህ ሞተር ቫልቮላዎች ከቴስታታው ላይ ሳይሆን ከሲሊንደሩ ጎን ስለሆኑ ቴስታታው እንደ ክዳን ብቻ ነው፤ ለጀማሪ ሰልጣኝ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ፑንቲናው ደግሞ በቮላኖው ሥር አልተደበቀም፤ ከጎን በትንሽ ክዳን ሥር ስለተቀመጠ በግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ለማስተካከል አሥር ደቂቃ ይበቃል። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ የሠሯት ሰዎች አንድ ቀን እንደምትከፈት አስበው ነበር።

ከሁሉም የበለጠ ያስተማረን ግን የፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውና የሚለያየው ክፍል፣ ዘንግ ነው። ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ይህ ዘንግ ውፍረቱ አምስት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 15.875 ሚሊሜትር ነው። በላዩ ላይ የፍሪሲዮኑን ስፕሪንግና የመግፊያውን ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበትን ቀለበት) የሚይዙ ፒኖች የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ፒኖቹ በየጊዜው ሲላሉና ሳይቀየሩ ሲቀሩ ቀዳዳዎቹን ይበሏቸዋል፤ ክብ የነበረው ቀዳዳ የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል፤ ያን ጊዜ አዲስ ፒን ብታስገቡም በሳምንት ውስጥ ይላላል። የኛዋ ዘንግ ሦስቱም ቀዳዳዎቿ እንደዚህ ነበሩ። ከእኛ በፊት የነበረ እጅ አንደኛውን ፒን በዘንጉ ላይ በየዶታል፤ በዚህም ምክንያት ፍሪሲዮኑ ጨርሶ ሊፈታ አልቻለም፤ ኩሽኔታውን ለመቀየር ዘንጉን መቁረጥ ነበረብን። ብየዳውን ያን ቀን ማሽኗን እንዳስኬዳት አልጠራጠርም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥገና ሁሉ ዘጋው።

ገበያ ላይ ያለው ዘንግ ባለ 16 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ አንድ ስምንተኛ ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ኩሽኔታው ግን አይንቀውም፤ በመዶሻ ካልተመታ አይገባም፤ በመዶሻ ከገባ ደግሞ ቶሎ ይሞታል። የቶርኖ ባለሙያችን በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ቁራጩን ብረት በመብራት ላይ አዙረው ካዩት በኋላ «ይህ ለስላሳ ነው፤ ሌላ አምጡ» ብለው መለሱን። ከአሮጌ መኪና የተገኘ ጠንካራ ዘንግ ወስደንላቸው በሦስት ጊዜ ቀስ እያሉ ፋቁት፤ በመጨረሻው ላይ ማይክሮሜትሩን ከማንበባቸው በፊት ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ቡናቸውን ጠጡ፤ ትኩስ ብረት ልኩን አይናገርምና። ቀዳዳዎቹንም አሮጌውን ዘንግ አጠገብ አጋድመው ከጫፍ እየለኩ በሱት። አሁን ፒኖቹ በቀላል ምት ይወጣሉ፤ በየዓመቱ እንለውጣቸዋለን፤ ዋጋቸውም ከቁርስ ዋጋ አይበልጥም።

የኤሌክትሪኩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በዚህች ማሽን ላይ ሞተሪኖና ዲናሞ ሁለት ዕቃ አይደሉም፤ አንዱ አካል በቺንጋ ሞተሩን ያስነሣል፣ ከተነሣ በኋላም ባትሪውን ይሞላል። ካርቦኖቹ አልቀው ነበር፤ ከትልቅ ሞተሪኖ ካርቦን በብርጭቆ ወረቀት እየሞረድን በልካቸው አዘጋጀን። ካርቦኑ የሚያርፍበትን መዳብ በቶርኖ በስሱ አስፋቅነው፤ በመዳቦቹ መካከል ያለውን መከላከያ በመጋዝ ስባሪ አጎደጎድነው፤ ይህ ካልተደረገ ካርቦኑ እየዘለለ ይቃጠላል።

ሰልጣኞች ሁልጊዜ ስለሚጠይቁኝ ስለ ቃሎቻችን አንድ ነገር ልበል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ቸርኬ፣ ፑንቲና የምንላቸው ሁሉ የጣሊያን ቃሎች ናቸው። የዚህች ትራክተር መምሪያ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈና በኢንች የተለካ ነው፤ በጋራዡ ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ የማንኛውም ዕቃ ስም ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተተርጉሞ ነው እጃችን የሚደርሰው፤ በመካከሉም ልክ ይጠፋል። እኛ ከመምሪያው ያስፈለገንን ልክ ሁሉ በሚሊሜትር ቀይረን፣ በምንጠራው ስም ጽፈን፣ አንድ ደብተር አዘጋጅተናል። የምታድሱትን ማሽን ደብተር ጻፉ። ከእናንተ በኋላ የሚከፍታት ሰው ይፈልገዋል።

አሁን ወደ ማሻሻሉ እንምጣ። ከታደሰች በኋላ አንድ ሙሉ የእርሻ ወቅት ምንም ሳንጨምርባት ሠራን፤ ከዚያ ያየነውን ጉድለት ብቻ አንድ በአንድ አረምን። የፊት ቸርኬዋ 8 ኢንች ስለሆነ ከአገር ውጭ ጎማ መፈለግ አላስፈለገንም፤ የባጃጅ ጎማ ልኩ 4.00 በ8 ነውና ማንኛውም ጎሚስታ ጋ ያለውን ገዝተን አጠለቅነው። የካርቡራቶሩን ዋና መርፌ ማረሻው አፈር ውስጥ ሆኖ ሞተሩ ሸክም ላይ እያለ ቀስ በቀስ እየዘጋን ካንዴላው የቡና ቀለም እስኪይዝ ድረስ አስተካከልነው፤ ለከፍታው መድኃኒቱ ይህ ነበር፤ ዙሩንም በመለኪያ አይተን 3,600 ላይ አቆምነው። የጠፋውን ጉልበት ፍለጋ ሞተሩን አላስጨነቅነውም፤ ማረሻውን በጠባብ ቀየርነው። በበጋ አቧራው ከባድ ስለሆነ ከወረቀቱ የአየር ማጣሪያ በፊት ዘይት የነካ ስፖንጅ የሚይዝ ክብ ላሜራ በሁለት ክላምፕ አሰርን።

የኋላ ጎማዎቿ ርጥቡ ቀይ አፈር ላይ ይንሸራተቱ ነበር። ቸርኬው ላይ ክብደት የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ከፋብሪካ ጀምሮ አሉ፤ በእነዚያ ልክ ቡሎን የቀበርንበት ክብ ኮንክሪት ሁለት አፍስሰን እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ያህል እንዲሆኑ አድርገን አሰርናቸው። መጎተቻውን ደግሞ ከኋላ አክሱ መስመር ዝቅ አድርገን ነው የሠራነው፤ ይህን በተለይ ጻፉልኝ። ሸክሙ ከአክሱ በላይ ከታሰረና ማረሻው ድንጋይ ወይም ጉቶ ከያዘ ጎማው መዞር ስለማይችል የፊቱ አካል ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሰው ፍሪሲዮን ለመርገጥ የሚበቃ አይደለም፤ ትራክተሯ በነጂው ላይ ትገለበጣለች። በድሮ የእርሻ ትራክተሮች ብዙ ሰው የሞተው በዚህ ነው፤ ሃሪ ፈርጉሰን ዛሬ በየትራክተሩ ጀርባ የምናየውን ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ሲሠራም ከአሳሰቡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ጋሪ ለመጎተት ይመቻል ብሎ ከወንበሩ ሥር መንጠቆ የበየደ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይቁረጠው፤ የብየዳ ጠላት ብሆንም ለዚህ መቁረጫውን እኔ አውሰዋለሁ።

እምቢ ያልነውም አለ። በብዛት የቀረበልኝ ሐሳብ የቤንዚኑን ሞተር አውጥቼ የወፍጮ ቤት ናፍጣ ሞተር እንዳስገባ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ናፍጣው ቆጣቢ ነው፣ መለዋወጫውም በየሱቁ ነው። ነገር ግን ባለ 12 የፈረስ ጉልበቱ ኤስ 195 የተባለው ናፍጣ ሞተር ብቻውን ከ140 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የፊት አክሷና ሻንሲዋ ለዚህ አልተሠሩም። የሚዞረውም በ2,000 ስለሆነ በቀጥታ ቢታሰር ማሽኗ በሁሉም ማርሽ ወደ ግማሽ በሚጠጋ ፍጥነት ትንፏቀቃለች፤ ማስተካከል ቢፈለግ መዘውርና ቺንጋ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ሻንሲው ይቆረጣል። ያን ሁሉ ከማድረግ ያንን ሞተር ለእርሱ በተሠራ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተር ላይ መጠቀም ይሻላል፤ እርሱም ጥሩ ማሽን ነው።

ቡና ያላችሁ ሰዎች በመስመሮቹ መካከል ማረስ ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ወርዷ ይበቃል፤ ግን አታርሱ። ቡና ምግቡን የሚሰበስብባቸው ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ ናቸው፤ ማረሻው የሚቆርጠው እነርሱን ነው። በቡና ውስጥ ሥራዋ ሣር ማጨድ፣ ፍግና ችግኝ በጋሪ ማጓጓዝ፣ በለቀማ ጊዜ እሸቱን ወደ መንገድ ማውጣት ይሁን። ለበቆሎና ለአትክልት ማሳችሁ ግን ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የማይጣበቅበትን ቀን ጠብቃችሁ ብታስገቧት ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ሥራ በቀላሉ ትጨርሳለች።

ዝገቱን ያስለቀቅነው በባትሪ ቻርጀርና በሶዳ አሽ (በማጠቢያ ሶዳ) ነው፤ ውድ ኬሚካል መግዛት አያስፈልግም። የሚጸዳውን ዕቃ በኔጋቲቩ፣ ተራ ቁራጭ ብረት በፖዘቲቩ አስራችሁ ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው። ነገር ግን የማይዝግ ብረት አትጠቀሙ፤ ውኃውን መርዝ ያደርገዋል። አሉሚኒየም የሆነ ነገርም አታስገቡ፤ ካርቡራቶራችሁን ይበላዋል። ከፈሳሹ የሚወጣው አየር ተቀጣጣይ ስለሆነ ሥራው ደጅ ይሁን። ቀለሙን በተመለከተ ፓራፋንጎዎቹን ቀብተናል፤ ኮፈኑን ግን እንዳለ ትተነዋል። በግራ በኩል የባለቤቷ እጅ ለዓመታት እያረፈ ቀለሙን አጥፍቶ ብረቱን ያሳየበት ቦታ አለ፤ ዝገት እንዳይገባው በሰም ብቻ አሸነው።

አንድ ያላለቀ ሥራ አለን። በሁለተኛ ማርሽ ስትሄድ ከካምቢዮው አንድ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ዘይቱን አፍስሰን አየነው፤ የብረት ስባሪ የለበትም፤ የግቤት ዘንጉ ኩሽኔታ ይመስለኛል። በክረምቱ ሥራ ሲቀንስ እንከፍተዋለን፤ ማየት የሚፈልግ ሰልጣኝ ስሙን ለእኔ ይስጠኝ። አሁን ወደ ደጅ እንውጣና ትነሣለች። ከማስነሣታችን በፊት ግን ከእናንተ አንዱ መሬቱ ደልዳላ መሆኑን አይቶ የዘይቱን መለኪያ ያውጣ፣ ጠርጎ መልሶ ያስገባ፣ ደግሞ ያውጣና ልኩን ጮክ ብሎ ይንገረን።